የምርቃት ሰዓታት

በአገራችን ገበያ የቆየ ልማድ አለ። ገዢ እህሉን አሰፍሮ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ሻጯ ከቁናዋ አንድ እፍኝ ዘግና ትጨምርለታለች፤ «ይህ ምርቃት ነው» ትለዋለች። ምርቃት ከዋጋ ውጭ ነው፤ አይጻፍም፤ አይቆጠርም፤ በግድም አይጠየቅም። ክብሩ ያለው በሰጪዋ ፈቃድ ላይ ነው። ገዢው እጁን ሰድዶ ራሱ ከቁናው ቢዘግን ግን፣ የወሰደው ያችኑ አንድ እፍኝ ቢሆንም፣ የነገሩ ስም ይለወጣል።

ጃፓኖችም ለዚህ ልማድ ቃል አላቸው። ከእንግሊዝኛ ተውሰው «ሳቢሱ» ይሉታል፤ ባለሱቅ ያለ ዋጋ ጨምሮ የሚሰጠው ማለት ነው። ይህን ቃል ትርፍ ሰዓት ሥራ ከሚል ትርጉም ካለው «ዛንግዮ» ጋር አጋጥመው «ሳቢሱ ዛንግዮ» አሉ። በእኛ አማርኛ የምርቃት ትርፍ ሥራ ልንለው እንችላለን። ሠራተኛው ከተወሰነው ሰዓት በላይ ሠርቶ ዋጋ የማይቀበልበት ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያችን እፍኝ የዘገነው ማን ነው? ሠራተኛው በፈቃዱ መረቀ ወይስ በውል ቃል ተወሰደበት? (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም። አባቶቻችን ጃፓንን ሲመለከቱ ኖረዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የጃፓንን ምሳሌነት አንሥተው ጽፈዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጓዙ፤ ሲመለሱም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመንም ጥያቄው አልሞተም፤ «ካይዘን» የሚባለውን የፋብሪካ አሠራር ይዞ እንደ ገና ወደ አገራችን መጣ።

በየስብሰባውና በየቡና ቤቱ ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «ጠባያቸው ነው። ሥራ ይወዳሉ፤ ሰዓት አይቆጥሩም፤ ለመሥሪያ ቤታቸው ይሞታሉ።» የመጨረሻው ቃል እንደ ዋዛ ይነገራል እንጂ እውነት መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። የነገሩን ታሪክ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን፣ ጠባይ ከተባለው ውስጥ ብዙው በወረቀት የተጻፈና በማኅተም የጸና የውል ቃል እንደ ነበር ያገኛል። ጠባይ ሊለወጥ አይችልም ብለን እናዝናለን፤ ውል ግን ይነበባል፤ ይመረመራል፤ ይፈርሳልም።

*

ነገሩ የሚጀምረው ከሐር ነው። በሜይጂ ዘመን ጃፓን መርከብና መድፍ፣ የፋብሪካ መሣሪያም የምትገዛበትን የውጭ ገንዘብ ካስገኙላት ሸቀጦች ቀዳሚው ጥሬ ሐር ነበር። ሐሩን የሚፈትሉት ደግሞ ከድሆች ገበሬዎች ቤት የመጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ከሂዳ ተራሮች ተነሥተው፣ በረዶ የሸፈነውን የኖሙጊን በር በእግራቸው ተሻግረው፣ በናጋኖ አውራጃ በሱዋ ሐይቅ ዳር ወደ ተደረደሩት የኦካያ ፋብሪካዎች ይወርዱ ነበር።

ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ውል ይጻፋል። ውሉን የሚያትመው ግን እርስዋ አይደለችም፤ አባቷ ወይም የቤቱ አለቃ ነው። አባትዮው በውሉ ላይ ቅድሚያ ገንዘብ ይቀበላል፤ ገንዘቡም ለዕዳ ወይም ለመሬት ኪራይ ይውላል። ልጅቱ ያን ብድር በሥራዋ እስክትመልስ ድረስ ወደ ሌላ ፋብሪካ ልትሄድ አትችልም፤ ብትሄድ መቀጫው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል። ስለ ቀኑ ርዝመት የሚከራከርላት አንቀጽ አልነበረም። ቀኑ አሥራ ሦስትም አሥራ አራትም ሰዓት ቢሆን ዋጋው የሚለካው በፈተለችው ሐር ብዛትና ጥራት ከጓደኞቿ ጋር ተወዳድሮ ነበር። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» እንዲሉ፣ ውሉ በፈቃድ የተገባ ነው ቢባልም ፈቃዱን የፈረመው ረኃብ ነበር።

መንግሥት ነገሩን አላወቀም አይባልም። የእርሻና የንግድ ሚኒስቴር በ1903 ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች ኑሮ ያሳተመው ሰፊ ጥናት ሁሉንም ገልጦ ነበር። የፋብሪካ ሕግ ግን እስከ 1911 አልወጣም፤ ወጥቶም ባለሀብቶች ስለ ተቃወሙት እስከ 1916 ድረስ በሥራ ላይ አልዋለም። ሕጉ የሴቶችንና የልጆችን የሥራ ቀን በ12 ሰዓት ወሰነ፤ ሆኖም ለ15 ዓመታት ያህል በአንዳንድ ሥራዎች ሁለት ሰዓት ሊጨመር ይችላል የሚል በር ከፈተ። አንባቢ ይህን በር ልብ ይበል፤ ወደ ፊት በተደጋጋሚ እናገኘዋለን። በጃፓን የሥራ ሕግ ታሪክ ክልከላው በፊት ለፊት ይጻፋል፤ በሩ ከጓሮ ይከፈታል።

በ1919 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ የቀኑን ሥራ በ8፣ የሳምንቱን በ48 ሰዓት የሚወስነውን ስምምነት ቁጥር 1 አጸደቀ። በስምምነቱም ውስጥ ለጃፓን ብቻ የተለየ አንቀጽ ተጻፈላት፤ በሳምንት 57 ሰዓት፣ ለጥሬ ሐር ሠራተኞች ደግሞ 60 ሰዓት ተፈቀደ። ጃፓን ግን ይህን እንኳ አልተቀበለችም። ስምምነት ቁጥር 1ን እስከ ዛሬ አላጸደቀችውም።

በ1925 ሆሶይ ዋኪዞ የተባለ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ወጣት የሴት ሠራተኞችን ኑሮ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። የርዕሱ ትርጉም «የፋብሪካ ሴቶች አሳዛኝ ታሪክ» ማለት ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደራሲው በ28 ዓመቱ ሞተ። ስለ ሥራ ወዳዱ ሕዝብ ጠባይ ስንናገር፣ ከውስጡ የወጣ አንድ ሠራተኛ ነገሩን በኀዘን ስም እንደ ጠራው ማስታወስ ይገባል።

*

ከጦርነቱ በኋላ አዲስ ዘመን መጣ። በ1947 የወጣው የሥራ ደረጃዎች ሕግ ቀኑን በ8፣ ሳምንቱን በ48 ሰዓት ወሰነ፤ በ1987 በተደረገው ማሻሻያም ሳምንቱ ደረጃ በደረጃ ወደ 40 እንዲወርድ ተደረገ። ለትርፍ ሰዓት ቢያንስ 25 ከመቶ ጭማሪ እንዲከፈል አዘዘ። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ13ኛው አንቀጹ አንድ ታላቅ መሠረት ጣለ፦ ከሕጉ ደረጃ በታች የሆነ የውል ቃል ከንቱ ነው፤ በፈንታውም ሕጉ ራሱ ይገባበታል። ይህ ማለት ሠራተኛው «ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ» ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው አይጸናም ማለት ነው። የኖሙጊን በር የተሻገሩት ልጃገረዶች ያጡት ይህን አንቀጽ ነበር።

በሩ ግን አሁንም ከጓሮ ተከፈተ። 36ኛው አንቀጽ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር፣ ማኅበር ከሌለም ከሠራተኞቹ አብላጫ ወኪል ጋር፣ በጽሑፍ ተስማምቶ ለመንግሥት ካስመዘገበ ከ8 ሰዓት በላይ ማሠራት እንደሚችል ፈቀደ። ከፍተኛው ሰዓት ስንት እንደሆነ ሕጉ ለረጅም ዘመን በግዴታ አልወሰነም። ስምምነቱ «ልዩ ሁኔታ ሲያጋጥም» የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ ገደቡ ጨርሶ ሊላላ ይችል ነበር። ስለዚህ ስምንት ሰዓት የሚለው ቃል በሕጉ ራስ ላይ እንደ ዘውድ ሲያበራ፣ የሠራተኛው ቀን ግን የሚለካው በመሳቢያ ውስጥ በተቀመጠው ስምምነት ሆነ።

«እኔ ዛሬ አመሻሽቼ አልሠራም» ማለትስ ይቻላል? ይህ ጥያቄ በአንድ ሰው ላይ 24 ዓመት ፈጀ። በሴፕቴምበር 1967 በሂታቺ ኩባንያ የሙሳሺ ፋብሪካ የሚሠራ አንድ ወጣት፣ የምርት ጉድለቱን ምክንያት እስኪያገኝ ድረስ አምሽቶ እንዲሠራ አለቃው አዘዘው። ወጣቱ እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሥራውንም በማግሥቱ ሠራው። ለዚያች ምሽት በመጀመሪያ ከሥራ ታገደ፤ ጥፋቱን እንዲያምን ቢጠየቅ መብቴ ነው ስላለ ወሩ በወጣ ጊዜ ተባረረ። ክሱ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል ኖሮ በኖቬምበር 1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደ። የፋብሪካው የሥራ ደንብ ትርፍ ሰዓትን የሚያዝ ከሆነ፣ በ36ኛው አንቀጽ መሠረት የተመዘገበ ስምምነት ካለና ደንቡም ምክንያታዊ ከሆነ፣ ደንቡ የሥራ ውሉ አካል ነው፤ ሠራተኛው ራሱ ባይስማማ እንኳ የመሥራት ግዴታ አለበት አለ። ማባረሩም ጸና።

የዚህን ፍርድ ክብደት እናስተውል። ምርቃት በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ነው ብለናል። ከ1991 ወዲህ ግን በጃፓን ትርፍ ሰዓትን «ሠራተኛው በፈቃዱ የሚሰጠው ነው» ማለት አይቻልም። በውል የታሰረ ግዴታ ነው፤ እምቢታውም እንጀራን ያሳጣል። «ሰዓት አይቆጥሩም» ብለን ያደነቅነው ሕዝብ ቢቆጥር ምን እንደሚደርስበት ሙሳሺ አሳይታለች።

*

ግዴታው እንዲህ ከጸና ክፍያው ወዴት ሄደ? ክፍያውን የሚያስቀሩ ብልሃቶች ብዙ ነበሩ፤ ሦስቱን እናንሣ።

አንደኛው ሠራተኛው ራሱ ሰዓቱን እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። ከተወሰነው በላይ መጻፍ አለቃን ማስቀየም ስለሆነ 100 ሰዓት የሠራው 60 ብሎ ይጽፋል። የቀረውን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ጃፓኖች ዕቃ በሚቋጥሩበት በዚያ ጨርቅ ስም «የፉሮሺኪ ትርፍ ሥራ» የሚባል ስም አወጡለት።

ሁለተኛው በውሉ ላይ «ደመወዙ ትርፍ ሰዓትን ያጠቃልላል» ብሎ መጻፍ ነው። ለምሳሌ ያህል በወር 160 መደበኛ ሰዓት የሚሠራ ሠራተኛ 250,000 የን ይከፈለዋል እንበል። ለዓይን ሲታይ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 1,560 የን ነው። ነገር ግን ውሉ በደቃቅ ፊደል «የ45 ሰዓት ትርፍ ሥራ በውስጡ አለ» ካለ፣ 25 ከመቶው ጭማሪ ሲታሰብ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 1,156 የን ይወርዳል። ሠራተኛው ሲቀጠር ከፍ ያለ ደመወዝ ያየ መሰለው እንጂ አንድ አራተኛ የሚሆነው አስቀድሞ ተሽጦበታል። በ46ኛው ሰዓት ላይ ተጨማሪ ሊከፈለው ሲገባ፣ «ውስጡ አለ» በሚለው ቃል ብዙዎች ዝም ይባላሉ፤ ዝምም ይላሉ።

ሦስተኛው ሠራተኛውን መሾም ነው። 41ኛው አንቀጽ ሥራ አስኪያጆችንና ተቆጣጣሪዎችን ከሰዓት ገደብና ከትርፍ ክፍያ ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ ድርጅቶች ሹመትን በርካሽ ማደል ጀመሩ። ሕዝቡም እነዚህን ሰዎች «የስም አለቆች» አላቸው፤ ሹመቱ የሚሰጣቸው ሥልጣን የለም፤ የሚነሣቸው የትርፍ ሰዓት ዋጋ ግን አለ።

የዚህ ሁሉ ፍጻሜ ሞት ነበር። በ1982 ሦስት ሐኪሞች «ካሮሺ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ከሥራ ብዛት የሚመጣ ሞት ማለት ነው። በ1988 ጠበቆች ለሟች ቤተሰቦች የስልክ መስመር ከፈቱ። የሚደውሉት አብዛኞቹ በልብ ድካም ወይም በአንጎል ደም መፍሰስ ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ችግራቸውም የሚያስደንቅ ነበር፦ ያልተከፈለ ሰዓት በመዝገብ የለም፤ በመዝገብ የሌለ ሰዓት ደግሞ ሰው ገደለ ተብሎ አይከሰስም። ክፍያን የደበቀው ወረቀት የሞትንም ምክንያት ደበቀ። መበለቶቹ ከመጨረሻው ባቡር ትኬት፣ ከማስታወሻ ደብተር፣ ከሕንፃ ዘበኛ መዝገብ እየለቃቀሙ የሟቹን ሌሊቶች ሰበሰቡ።

*

ሂታቺ ባሸነፈበት በዚያው በ1991፣ በኦገስት ወር፣ በታላቁ የማስታወቂያ ድርጅት በዴንትሱ ከተቀጠረ ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላው አንድ የ24 ዓመት ወጣት ከሥራ ብዛት በመጣበት የመንፈስ ጭንቀት ሕይወቱን አጠፋ። ወጣቱ ከቢሮው ሌሊት ይወጣ፣ አንዳንድ ቀንም ሳይተኛ ያነጋ ነበር፤ ያስመዘገበው ሰዓት ግን ከሠራው በእጅጉ ያነሰ ነበር። አለቆቹ ያውቁ ነበር። አንደኛው «ወደ ቤትህ ሄደህ ተኛ፤ ሥራው ካላለቀ ጠዋት ማልደህ መጥተህ ጨርሰው» ብሎት እንደ ነበር ፍርድ ቤት ተረጋግጧል። ሥራውን ግን አልቀነሰለትም።

ወላጆቹ ከሰሱ። የበታቹ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን በ1997 ካሳውን 30 ከመቶ ቀነሰው። ከምክንያቶቹ አንዱ የሟቹ ጠባይ ነበር፦ ትጉህ፣ ጠንቃቃ፣ ሥራውን ፍጹም ካላደረገ የማይረካ፤ ስለዚህ ለሞቱ ከፊል ምክንያቱ ራሱ ነው ተባለ። አንባቢ ይህን ክርክር ያውቀዋል፤ በየቡና ቤቱ የምንሰማው ያው መልስ ነው። በማርች 2000 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ቅነሳ ሻረው። የሰው ጠባይ ልዩ ልዩ ነው፤ በሠራተኞች መካከል ከሚጠበቀው ልዩነት እስካላለፈ ድረስ ትጋቱ በራሱ ላይ ሊቆጠርበት አይገባም፤ ጤናውን የመጠበቅ ግዴታ የአሠሪው ነው አለ። ጉዳዩ በዚያው ዓመት 168 ሚሊዮን የን ያህል ተከፍሎ በስምምነት አለቀ። አንድ የማይጠፋ ነገርም አስተማረ፦ «ጠባያቸው ነው» የሚለው መልስ በአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚዛን ላይ ተቀምጦ ቀለለ።

ከዚያ በኋላ ውሎቹ አንድ በአንድ ይነበቡ ጀመር። በጃንዋሪ 2008 የቶክዮ ፍርድ ቤት የማክዶናልድ ምግብ ቤት ኃላፊ የነበረ ሠራተኛ ያቀረበውን ክስ መርምሮ፣ ሰውየው ስሙ አለቃ ቢሆንም ሥልጣኑም ደመወዙም የአለቃ አይደለም፣ ስለዚህ የትርፍ ሰዓት ዋጋው ይገባዋል ብሎ 7.5 ሚሊዮን የን ያህል እንዲከፈለው አዘዘ። በጁላይ 2017 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዓመት 17 ሚሊዮን የን የሚከፈለውን አንድ ሐኪም ነገር አየ። ውሉ ደመወዙ ትርፍ ሰዓትን እንደሚያጠቃልል ይናገር ነበር። ደመወዙ እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ሐኪሙም ተስማምቶ ፈርሟል። ፍርድ ቤቱ ግን የመደበኛው ሥራ ዋጋ የቱ፣ የትርፉ የቱ እንደሆነ በውሉ ካልተለየ ትርፉ አልተከፈለም አለ። «ውስጡ አለ» ማለት አይበቃም፤ ስንቱ እንዳለ መቆጠር አለበት። የፉሮሺኪው ቋጠሮ የተፈታው በዚህች ቀላል አሳብ ነው፤ የተሸጠ ነገር ይሰፈራል።

ሕግ አውጪዎችም ዘግይተው ደረሱ። በ2015 መጨረሻ በዚያው በዴንትሱ ሌላ የ24 ዓመት ወጣት በተመሳሳይ መንገድ ሞተች። በመዝገብ የሰፈረው ወርኃዊ ትርፍ ሰዓቷ ከ70 ሰዓት ገደብ ጥቂት ብቻ ዝቅ ያለ ነበር፤ መንግሥት ሲመረምር ግን 105 ሰዓት ያህል ሆኖ ተገኘ። ድርጅቱ በ2017 በሕገ ወጥ ትርፍ ሥራ ጥፋተኛ ተብሎ 500,000 የን ተቀጣ። በ2018 የወጣው ማሻሻያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጣት የተደገፈ ገደብ አኖረ፤ በዓመት ከ720 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በአንድ ወርም ከ100 ሰዓት በታች እንዲሆን። ይህ ቁጥር የሟች ቤተሰቦችን አላስደሰተም። መንግሥት ራሱ በ2001 ባወጣው መለኪያ ከመሞት በፊት ባለው ወር 100 ሰዓት ትርፍ ሥራ ሞቱን ከሥራው ጋር እንደሚያያይዘው ተቀብሎ ነበርና፣ ገደቡ የተተከለው በገደሉ አፋፍ ላይ ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፤ በኦክቶበር 2025 ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትር ሳናኤ ታካኢቺ የሰዓት ገደቡን ስለ ማላላት እንዲታሰብ ለሚኒስትራቸው መመሪያ ሰጥተዋል።

*

ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበውን ታሪክ ለመጨረሻ አቆይተነዋል።

በፌብሩዋሪ 2002 በቶዮታ ኩባንያ የጹጹሚ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ የነበረ የ30 ዓመት ጎልማሳ ገና ጎሕ ሳይቀድ በሥራ ላይ እንዳለ ወድቆ ሞተ። ባለቤቱ የካሳ መብቷን ጠየቀች። የሥራ ጽሕፈት ቤቱ ከመሞቱ በፊት በነበረው ወር የሠራው ትርፍ 45 ሰዓት ብቻ ነው ብሎ ከለከላት። የልዩነቱ ምክንያት ምን ነበር? ሰውየው ከፈረቃው በኋላ በጥራት ቡድን ስብሰባ ይቀመጥ፣ የማሻሻያ አሳብ ይጽፍ፣ የጓደኞቹን አሳብ ያርም ነበር። ይህ ሁሉ «በፈቃድ የሚደረግ» ይባል ስለ ነበር ከሥራ አይቆጠርም። የናጎያ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2007 ነገሩን ሰፈረ። የጥራት ቡድኑም የማሻሻያ አሳቡም ለኩባንያው የሚጠቅም፣ በኩባንያው የሚመራ ሥራ ነው አለ፤ ሰዓቱንም ወደ 106 አወጣው። መንግሥት ይግባኝ አላለም። ቶዮታም በ2008 የጥራት ቡድን ሰዓት ሁሉ ከጁን ወር ጀምሮ በትርፍ ሰዓት ሒሳብ እንዲከፈል ወሰነ።

ይህ የጥራት ቡድንና የማሻሻያ አሳብ በአንድ ስም ሲጠራ ካይዘን ነው። በዚያው በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓን ካይዘንን ለኢትዮጵያ እንድታስተምር ጠየቁ። ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አሠራሩ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ዕቃን በሥርዓት ማኖር፣ ብክነትን መቀነስ፣ የዝቅተኛውን ሠራተኛ አሳብ ማድመጥ የሚጠላ የለም። ነገር ግን ትምህርቱ ወደ እኛ ባሕር ተሻግሮ በመጣበት ዓመት፣ በትውልድ አገሩ የዚያ ትምህርት ሰዓት ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑ ገና በመበለት ክስ መረጋገጡን አብረን ሰምተናልን? ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት እንዳይሆንብን ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ይገባናል።

የእኛ ሕግ በዚህ ነገር ድሃ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀኑን በ8፣ ሳምንቱን በ48 ሰዓት ይወስናል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። ዋጋውንም በቀን አንድ ተኩል፣ በሌሊት አንድ ከሦስት ሩብ፣ በሳምንት ዕረፍት ሁለት፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ያደርገዋል። ከሕጉ የሚያንስ የሥራ ውል እንዳይደረግም ይከለክላል። ግን የጓሮ በሮቹ በእኛም ግቢ አሉ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከክልሉ ያወጣል፤ ስለዚህ ነገ አንድ ድርጅት ሠራተኛውን «አስተባባሪ» ወይም «ኃላፊ» ብሎ በስም ቢሾመው፣ የቶክዮው ፍርድ ቤት የጠየቀውን ጥያቄ የሚጠይቅ ዳኛ ያስፈልገናል፦ ሥልጣኑ የት አለ? ደመወዙስ? በሰው ቤት የምትሠራውም የቤት ሠራተኛ ከዚህ አዋጅ ጥላ ውጭ በሌላ ደንብ እንድትተዳደር የተተወች ናት፤ እርስዋም እንደ ኦካያዋ ልጅ ቀኗ የሚያልቀው ሥራው ሲያልቅ እንጂ ሰዓት ሲሞላ አይደለም።

ሥራ የጠበበት ወጣት ሁለት ገጽ ውል ሲሰጠው ብዙ ጊዜ የሚያየው የደመወዙን ቁጥርና የፊርማውን ቦታ ብቻ ነው፤ የሚፈርድበት የለም። ነገር ግን «ይህ ደመወዝ ማናቸውንም ተጨማሪ ሰዓት ያጠቃልላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትገኝ፣ ከማተሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ስንት ሰዓት ነው? ዋጋውስ ከመደበኛው ተለይቶ የት ተጽፏል?» ጥያቄው ድፍረት አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። በጃፓን ያን ጥያቄ ለመጠየቅ አንድ ሠራተኛ 24 ዓመት ተከራክሯል፤ ወላጆች የልጃቸውን ጠባይ ከወቀሳ ለማዳን በሦስት ፍርድ ቤት ቆመዋል፤ አንዲት ሚስትም የባሏን ሌሊቶች በጣቷ ቆጥራ 45 የተባለው 106 መሆኑን አስመስክራለች።